አሥራ ሁለቱ የሲግሪድ ባሕረኞች

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናዘዝ፤ አባቴን ወንበር ላይ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። ገመድ አላስፈለገኝም። ትራስ፣ ብርድ ልብስና የእኔ ቁጣ በቅተዋል።

ሥራዬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በእኔ መስመር የሚሳፈሩ ልጆች፣ አንድ ልጅ ሳይቀመጥ ፍሬን እንደማልለቅ ያውቃሉ። ቤቴም ያው ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ምን እንደሚያነሳ የምወስነው እኔ ነኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ አባባን ከአዲስ አበባ አመጣኋቸው፤ አምስት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው የበረዶ ወቅት ደጃችን ላይ ተንሸራተው ወደቁና ክንዳቸው ተሰነጠቀ። የእሳቸው ክንድ በስድስት ሳምንት ዳነ፤ የእኔ ፍርሃት ግን ሊድን አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ዕቃ አያነሱም፣ ቆሻሻ አያወጡም፣ ብቻቸውን አውቶቡስ አይሳፈሩም። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዝም ብለው ይታዘዙኛል፤ እኔም ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጥሬው ነበር።

አባባ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ሰው እንደነበሩ እናውቃለን። ምጽዋ ሠለጠኑ፣ አብዮቱ መጣ፣ ነገሩ ሁሉ ተበታተነ። ከዚያ አዲስ አበባ አንድ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆነው ኖረው ጡረታ ወጡ። ወረቀታቸውንና ፎቶግራፋቸውን በዚያ የፍርሃት ዘመን በገዛ እጃቸው አቃጥለውታል። አንድ ነገር ግን አልፎ አልፎ ይሉ ነበር። «እኛ በሸራ መርከብ ነው የሠለጠንነው፤ አሥራ ሁለት ነበርን።» እኔና ወንድሜ ተያይተን እንስቃለን። ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ በኋላ ማን በሸራ ይሠለጥናል? አባት ትንሽ ቢያጋንን ምን አለበት ብለን እናልፋቸዋለን።

ባለፈው ሐምሌ እድራችን የሽርሽር ቀን አዘጋጀ። ከሎረል፣ ከግሪንቤልት፣ ከበርክ ሳይቀር የሚመጡ ሠላሳ ያህል ሰዎች ነን። ልጆቹ ስልካቸውን አስቀምጠው አንድ ቀን ከእኛ ጋር ይዋሉ ተባለና፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የወንዝ ወደብ ላይ የቆመች አንዲት አሮጌ የእንጨት ሸራ መርከብ ለሁለት ሰዓት ተከራየን። ማስታወቂያው በስልኬ ሲመጣ ለአባባ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ብዙ ቆዩ።

«ሲግሪድ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ሲግሪድ ናት። ያሠለጠነችን እሷ ናት።»

ፎቶው ላይ ስም አልነበረም። በማግስቱ መርከቧን ለሚያስተዳድረው ማኅበር ኮል አደረግኩ። ስልኩን ያነሳችው ፓትሪሺያ የምትባል ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ በነጻ ታገለግላለች፣ የመርከቧ ታሪክም በእሷ እጅ ነው። ስሟ ሲግሪድ መሆኑን ስትነግረኝ ትንሽ ደነገጥኩ። ስለ አባባ ስነግራት በትሕትና አዳመጠችኝ። ኋላ ግን እንዲህ አለች።

«የእነዚያ ዓመታት መዝገብ ጠፍቷል። ከየአገሩ ሠልጣኝ እንደመጣ እናውቃለን፤ ኢትዮጵያ የሚል ግን የትም አላገኘሁም። ወደቡ ላይ የምናቆመው አዲሱ የመርከቧ የታሪክ ሰሌዳ የፊታችን ሰኞ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ አንድ ነገር ካላችሁ ላኩልኝ። ያለ ማስረጃ ስም አላስገባም።»

ለወንድሜ ስነግረው «ፌስቡክ ላይ አይተውት ይሆናላ!» ብሎ ሳቀ። አባባ ግን አልሳቁም። ያን ቀን ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

«ማስረጃ የለኝም» አሉኝ። «ከአሥራ ሁለታችን በሕይወት የቀረሁት፣ እኔ እስከማውቀው፣ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ስሞት ደግሞ ማን ይናገራል? ሰሌዳው ያለ እኛ ከታተመ አልነበርንም ማለት ነው።»

«ተዉት አባባ፤ እኛ እናውቃለን አይደል?» አልኳቸው።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ውሸቴን ነበር። እኔም አላመንኳቸውም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አሌክሳንድሪያ ደረስን። ሲግሪድ ከጠበቅኳት በላይ ትልቅ ናት፤ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች፣ ጥቁር ሆድ፣ መቁጠር የሚያታክት ገመድ። ካፒቴኗ ኤሚ የምትባል ሠላሳዎቹን ያልዘለቀች ሴት ናት፤ ወደዚች መርከብ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። አብረዋት አራት ሠራተኞች አሉ። ፓትሪሺያም ታሪኩን ልታስረዳን አብራን ተሳፈረች።

«ሲግሪድ የተሠራችው ኖርዌይ ውስጥ፣ በኦክ እንጨት ነው» ብላ ጀመረች። «ሥራዋ ጨው የበዛበት ዓሣና ሳንቃ መጫን ነበር። ባለ ሞተር መርከቦች እንጀራዋን ሲቀሟት ለማገዶ ልትፈለጥ ስትል የኖርዌይ ባሕር ኃይል ገዛት። የዓሣውን ክፍል አጸዱና የሠልጣኞች መኝታ አደረጉት። መድፍ የላትም። ተዋግታም አታውቅም። ሰው ብቻ ነው ያስተማረችው።»

«ሞተር እያለ ለምን በሸራ?» አለች ልጄ ቤቲ፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ያልጠየቀችው ነገር የለም።

«በሞተር ብቻ የሚሄድ ሰው ነፋስን አያውቅም፤ ነፋስን የማያውቅ ባሕርን አያከብርም ይሉ ነበር» አለች ፓትሪሺያ። ኋላ እንዴት ተሸጣ፣ እንዴት አንድ ወደብ ጭቃ ውስጥ ተጥላ እንደበሰበሰች፣ ማኅበሩ እንዴት አምጥቶ ሳንቃ በሳንቃ እንዳደሳት ነገረችን። ከሆዷ እንጨት ግማሹ ዛሬም የመጀመሪያው ነው።

አባባ ጆሮዬ አጠገብ በአማርኛ ያንሾካሹካሉ። «መኝታ አለች? በገመድ በተንጠለጠለ ሸራ ውስጥ ነበር የምናድረው። ዓሣው ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ሽታው ግን አልወጣም። ፍልሰታን ጾመን ዓሣ ስንሸት ሰነበትን፤ ተክሌ ‹በሽታው ብቻ ጾሜ ፈረሰ› ይል ነበር።» ብቻቸውን ሳቁ። እኔ ዓይኔ እግራቸው ላይ ነው፤ ወለሉ ያንሸራትታል።

ከወደቡ በሞተር ወጣን። ወንዙ ሲሰፋ ካፒቴን ኤሚ ሁላችንንም ጠርታ ትልቁን ሸራ ራሳችን እንድንሰቅል ጋበዘችን። የሸራው ጠርዝ የታሰረበት እንጨት እንደ ቤት ግድግዳ የከበደ ነው፤ በአንድ ረጅም ገመድ አሥራ አምስት ሰው ተሰልፎ ይጎትተዋል። «አንድ ሰው እንኳ እንዳይለቅ!» አለች።

ተሰለፍን። ገና ዘወር ከማለቴ አባባ ከሰልፉ ራስ ላይ ናቸው! እጅጌያቸውን ሰብስበው ገመዱን ጨብጠዋል።

መጎተት ጀመርን። እንጨቱ ከራሳችን በላይ ሁለት ሜትር ያህል ሲወጣ፣ ከአባባ ኋላ ያለው ጎልማሳ ያያቸዋል።

«ኧረ አባባ! እርስዎ ቆመው እኛ? ነውር ነው፣ ይልቀቁ!» ብሎ እጁን ከገመዱ አንስቶ ክንዳቸውን ያዘ። ሌላው ደግሞ ወንበር ሊያመጣ ሮጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሐበሻ ብቻ ነው የሚረዳው። አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል፣ ትልቅ ሰው ሊያልፍ ነው ብሎ አንዱ ከሰልፍ ይወጣል፣ አንዷ ውኃ ታቀብላለች። የአክብሮት ጉድ! አባባ «ተዉኝ፣ ገመዱን ያዙ!» ይጮኻሉ። እኔስ? ከኋላ ሮጬ መጥቼ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ያስለቀቅኳቸው እኔ ነኝ።

ገመዱ ከእጃችን ላይ ፉጨት እያሰማ ሮጠ። እንጨቱ ቁልቁል ወርዶ፣ አንዱ ሠራተኛ ገመዱን ብረት ላይ ጠምጥሞ ባይዘው ኖሮ ሁለት ልጆች ላይ ይወድቅ ነበር። ከልጆቹ ራስ ሁለት ክንድ ሲቀረው «ጓ!» ብሎ ቆመ። መርከቧ በሙሉ ተንቀጠቀጠች።

ካፒቴን ኤሚ ፊቷ ነጭ ሆነ። «ማነው የለቀቀው?» አለች።

ሁላችንም ነን።

ሸራውን ኋላ ሠራተኞቹ ከጥቂት ጎረምሶች ጋር ሰቀሉት። አባባን ግን ከመርከቧ ኋላ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ፣ በሐምሌ ሙቀት ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣልኩባቸው። አልተቃወሙኝም። ወደ ውኃው እያዩ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳይ በፀሐዩ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ፓትሪሺያ በአጠገባችን አለፈች፤ ፈገግ ብላ «ጥሩ ነው፣ ያርፉ» አለችኝ። የሰሌዳው ነገር እዚያው እንዳለቀ ገባኝ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ በአሌክሳንድሪያ በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ካፒቴን ኤሚ ስልኳን አይታ «ከተተነበየው ሰዓት ቀድሞ መጣ፤ እንመለሳለን» አለችና ሞተሩ እንዲነሳ አዘዘች። ሞተሩ ተነሳ፤ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጸጥ አለ። እንደገና ተሞከረ፤ ያው ነው። አንዱ ሠራተኛ በጎን ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ያዘ። ያ እኛ የለቀቅነው ገመድ በሩጫው ጫፉ ወደ ውኃ ወድቆ ኖሯል፤ ማንም አላየውም። አሁን ሞተሩ የሚያሽከረክረው ብረት ላይ ተጠምጥሟል።

በአክብሮታችን መርከቧንም አሰርናት።

ነፋሱ ደረሰ። ባርኔጣዎች በረሩ፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ መርከቧ ወደ አንድ ጎን ተጋደመች። ነፋሱ የሚመጣው ከአሌክሳንድሪያ በኩል ስለሆነ የሚገፋን ወደ ማዶ፣ ወደ ሜሪላንድ ዳርቻ ነው። እዚያ ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ከጭቃው ላይ የድሮ ወደብ ግንዶች እንደ ጥርስ ተደርድረው ይታያሉ። «ያ ግንድ ሆዷን ከወጋው...» አለ አንዱ ሠራተኛ፣ አልጨረሰውም።

ካፒቴን ኤሚ በሬዲዮ የእርዳታ ጀልባ ጠራች። ሃያ ደቂቃ ያስፈልገዋል ተባለ። ዳርቻው ላይ ለመድረስ እኛ አሥር እንኳ የሚቀረን አይመስልም። «መልሕቅስ?» አላት አንዱ የእኛ ሰው። «እዚህ ያለው ጭቃ በዚህ ነፋስ አይይዘውም። ማዞር አለብኝ» አለች። መዞር ማለት አፍንጫዋን በነፋሱ ውስጥ አሻግሮ ወደ ጥልቁ ውኃ መመለስ ነው። በሌላ ቀን ሞተሩ እየረዳ ነው የምትዞረው፤ ዛሬ በሸራ ብቻ ነው።

መሪውን በአንድ ጊዜ እስከ ጥጉ አዞረችው። ሲግሪድ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አመጣች፣ አመጣች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። ሸራዎቹ እንደ ጥይት ተንጣጡ። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተመለሰችና እንደገና ወደ ዳርቻው መንሸራተት ጀመረች። እናቶች «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። እኔ፣ በአውቶቡሴ ስንቱን ልጅ ያዘዝኩ ሴትዮ፣ በአንድ እጄ ቤቲን በሌላው ምሰሶ አቅፌ ቆሜአለሁ።

ዘወር ስል አግዳሚው ላይ ብርድ ልብሱ ብቻ አለ።

አባባ ከመሪው አጠገብ ናቸው። እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ መርከቧ ስትጋደም አብረው እየተጋደሙ፣ ምንም ሳይዙ ቆመዋል። እኔ ምሰሶ አቅፌ ነው የቆምኩት።

«ካፒቴን፣ ለመናገር ይፍቀዱልኝ» አሉ፤ በእንግሊዝኛ።

ልብ በሉ። እኚህ ዶክተር ቤት አምስት ዓመት ሙሉ የተረጎምኩላቸው ሰው ናቸው!

«ይናገሩ!» አለች ኤሚ፣ ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል።

«ይህቺ መርከብ በአንድ ጊዜ ሲያዟት ትቆማለች። መጀመሪያ ፍጥነት ይስጧት። ከዚያ መሪውን ቀስ ብለው፣ እስከ አሥር እየቆጠሩ። የፊተኛውን ሸራ እኛ ወደ ነፋሱ ገልብጠን እንይዝልዎታለን፤ ነፋሱ ራሱ አፍንጫዋን ይገፋዋል። ካልያዝነው አትሻገርም።»

«ፍጥነት ከየት ላምጣ? ዳርቻው እኮ ደርሷል!»

«ከዳርቻው ነው የሚያመጡት። አፍንጫዋን ወደ ግንዶቹ ይልቀቁት፤ ነፋሱን ከኋላ ስታገኝ ትሮጣለች።»

ካፒቴኗ ያን ጊዜ ነው ዞራ ያየቻቸው። «ወደ ግንዶቹ?»

«ወደ ግንዶቹ። እስከ ሃያ ይቁጠሩ። ከዚያ ያዙሩ።»

«ይህን በምን ያውቃሉ?»

«ይህቺ መርከብ ላይ ሦስት ሳምንት መሪ ይዤ እምቢ ብላኛለች፤ ያስተማረችኝ ራሷ ናት።»

እኔ በአማርኛ «አባባ፣ ይተዉ! ሠላሳ ነፍስ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ወደ እኔ ሳይዞሩ «ስለሆነ ነው» አሉኝ። ኤሚ ግንዶቹን አየች፣ እሳቸውን አየች። ከዚያ «ሰው ይዘው ወደ ፊት ይሂዱ» አለች።

አባባ ወደ እኛ ሰዎች ዞሩ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከደረታቸው ሥር የመጣ ድምፅ ነው።

«ስምንት ጠንካራ ሰው ይከተለኝ! ስሙኝ፤ አሁን እዚህ ሽማግሌ የለም፣ ልጅ የለም። አለቃ አለ፣ ገመድ አለ። ማንም ለማንም ቦታ አይለቅም። ክንዴን የሚነካ ሰው ሠላሳ ሰው ይገድላል።»

ተከተሏቸው። ቤቲ ከእቅፌ ወጥታ ሄደች። እኔም ሄድኩ። የፊተኛው ሸራ ገመድ እርጥብ ነው፤ መዳፍ ይልጣል። ከአባባ ኋላ ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። አንገታቸውን ብቻ ነው የማየው፤ ያ ፀጉር ቤት ወስጄ የማስቆርጠው ነጭ ፀጉር በውኃ ርሷል።

መርከቧ አፍንጫዋን ወደ ግንዶቹ ጣለችና መሮጥ ጀመረች። እውነቴን ነው፣ ሮጠች። ውኃው ከጎኗ ይጮኻል። ካፒቴኗ ትቆጥራለች። ግንዶቹ ላይ የቆመ አንድ ነጭ ወፍ ይታየኛል፤ እግሩ ሳይቀር ይታየኛል። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። ልጄ «አባባ?» አለች። «ዝም በይ፣ ያዢ» አሏት። አሥራ ስምንት። ወፉ ተነሥቶ በረረ።

«አሁን!» አሉ አባባ።

ኤሚ መሪውን ቀስ አድርጋ ትመልስ ጀመር። አፍንጫዋ ከግንዶቹ ተነሥቶ በዳርቻው ላይ፣ በዛፎቹ ላይ፣ በወንዙ ላይ ተንሸራተተ። ነፋሱ ሸራችንን መታው፤ ስምንታችንንም ሊያነሳን ደረሰ።

«ያዙ!» ይላሉ አባባ። «ያዙ... ገና ነው... ያዙ...»

አፍንጫዋ ነፋሱ ላይ ደርሶ እንደ ቅድሙ ቆመ። መዳፌ ደምቷል። ከኋላዬ ያለው፣ ያ ቅድም ክንዳቸውን የያዘው ጎልማሳ፣ እያለቀሰ ይይዛል።

«አትልቀቁ! እያሰበችበት ነው!» አሉ።

እንዲህ ብለው ነው ያሉት። ሲግሪድም አስባ ጨረሰች መሰለኝ፣ አፍንጫዋ አንድ ስንዝር አለፈ። ከዚያ አንድ ክንድ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ማዶ ተገለበጠ።

«ልቀቁ!»

ለቀቅን። ሸራው ወደ ሌላው ጎን በረረና እንደ ከበሮ ተወጠረ። ግንዶቹ ከኋላችን ሆኑ፣ አሌክሳንድሪያ ከፊታችን። አንዷ እናት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሠላሳ ሰው ተከተላት። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ያ ጢማሙ ፈረንጅ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «እልል!» ይላል።

በቨርጂኒያ ዳርቻ፣ ከነፋሱ ተከልለን መልሕቅ ጥለን ጎታች ጀልባዋን ስንጠብቅ ካፒቴን ኤሚ መጣች። አባባ ፊት ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ዘረጋች። ፓትሪሺያ ከአጠገቧ ናት፤ ማስታወሻ ደብተሯ በውኃ ርሷል።

«አቶ ንጉሤ» አለች ፓትሪሺያ፣ «እኔ አምኜዎታለሁ። ግን አሁንም ወረቀት...»

ኤሚ አቋረጠቻት። «እኔ ዛሬ ማታ በመርከቧ የዕለት መዝገብ ላይ የሆነውን በሙሉ እጽፋለሁ። ይህ ሰው ይህቺን መርከብ ከእኔ በፊት እንደመራት፣ ዛሬም እንዳዳናት እጽፋለሁ። እፈርምበታለሁ። የመርከብ መዝገብ ወረቀት አይደለም እንዴ?»

ፓትሪሺያ ደብተሯን ዘረጋች። «ይበቃኛል» አለች። «ስምዎትን ይንገሩኝ።»

አባባ ግን ስማቸውን አልተናገሩም። «መጀመሪያ ተክሌ ገብረ ማርያም» አሉ። «የጎንደር ልጅ። ምሰሶ ላይ ለመውጣት ይፈራ ነበር፤ ግን ወጣ። ቀጥሎ ዑመር ሳልሕ፣ የምጽዋው፤ ዋና ያስተማረን እሱ ነው። በረኸት ሐጎስ፣ ከአስመራ። ግርማ አያሌው...» ፓትሪሺያ ሆሄያቱን መከተል ሲያቅታት ብዕሩን እኔ ተቀብዬ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ስም ከነአባቱ፣ ከነአገሩ። በረኸትና ግርማ በኋላ በጦርነቱ ጊዜ በተቃራኒ ወገን እንደነበሩ ነገሩኝ። «እዚህ ግን ከአንድ ድስት ነው የበሉት፤ አጠገብ ለአጠገብ ጻፊያቸው» አሉ። አጠገብ ለአጠገብ ጻፍኳቸው። የራሳቸውን አሥራ ሁለተኛ አደረጉት።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኳቸው። «እንግሊዝኛውን ይችሉ ነበር፤ ዶክተር ቤት ለምን አስተረጎሙኝ?»

«ደስ ሲልሽ አየሁ» አሉኝ።

መንገድ ዳር አቁሜ አለቀስኩ። እሳቸው መስኮቱን ከፍተው ነፋሱን ይስባሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አባት ወይም እናት አምጥታችሁ ቤታችሁ ያስቀመጣችሁ፣ ልምከራችሁ ብል አትቀየሙኝ። የእኔን ጥፋት ስለማውቀው ነው። አክብሮታችን መልካም ነው፤ አልጥለውም። ግን ሰውን ከሥራው እያስነሳን ስናስቀምጠው፣ ከታሪኩም እያስነሳነው ይሆናል። እኔ አባቴን ሳላምን አከበርኳቸው። ወንበር ሰጠኋቸው እንጂ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ወንድሜም ይህን ስጽፍ እሱን እንዳነሳው አልፈለገም፤ ያው አነሣሁት። ዛሬ አባባ በየቅዳሜው በሁለት ባስና በሜትሮ ባቡር ብቻቸውን አሌክሳንድሪያ ይሄዳሉ። ለፈረንጅም ለሐበሻም ልጆች ቋጠሮ ያስተምራሉ። ደረጃው ላይ አሁንም እሰጋለሁ። ስጋቴን ግን እቤት ትቼው መዋል ለምጄአለሁ።

ሰሌዳው በመስከረም ወደቡ ላይ ቆመ። የእድራችን ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ መጣ። «ከኢትዮጵያ የመጡ ሠልጣኞች» ከሚለው በታች አሥራ ሁለቱ ስሞች በሁለት ፊደል፣ በግዕዝና በላቲን ተጽፈዋል። አባባ ንግግር እንዲያደርጉ ሲጋበዙ፣ ንግግር አላውቅም ብለው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ሲግሪድ ላይ በየጠዋቱ ስም ይጠራ ነበር፤ ያን ሊያደርጉ ኖሯል።

«ተክሌ ገብረ ማርያም!» ብለው ጠሩ። ከዚያ ራሳቸው «አቤት!» ብለው መለሱለት።

«ዑመር ሳልሕ!» «አቤት!»

አሥራ አንዱንም ጠሩ፣ ለአሥራ አንዱም መለሱ። ድምፃቸው አንድ ጊዜም አልተሰበረም። የራሳቸው ስም ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ሰው የራሱን ስም ጠርቶ ራሱ አይመልስም። ሁሉም ይጠብቃል።

በእኛ ቤት ልጅ አባቱን በስሙ አይጠራም። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣሁና፣ ያለኝን ድምፅ ሁሉ ሰብስቤ ጮኽኩ።

«ባሕረኛ ንጉሤ ወልዴ!»

አባቴ ተረከዛቸውን ገጥመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«አቤት!» አሉ።